አዲስ ዩ(1) ሲጨመር ምን ይከፈላል? «5 ቴራ» የሚባለው ገደብስ ምን ማለት ነው?

ጥያቄው፦ «የፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኤሌክትሮማግኔቲዝም ከዩ(1) ጌጅ ሲሜትሪ እንደሚወጣ ተምረናል። ታዲያ ሌላ አንድ ዩ(1) ብጨምር አምስተኛ ኃይል አገኘሁ ማለት ነው? ይህን ያህል ቀላል ከሆነስ ሁሉም ሰው የፈለገውን ለምን አይጨምርም? ደግሞ ኤል ኤች ሲ እስከ 5 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ ምንም አላገኘም ሲባል እሰማለሁ። ነገሩ አበቃለት ማለት ነው?»

ምላሽ፦

መጨመሩስ ይቻላል፤ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው። ያቺ መስመር ግን ሦስት ዕዳ አስከትላ ትመጣለች። የቻርጆቹ ድምር ዜሮ መምጣት አለበት፤ አዲሱ ቦዞን መጠነ ቁስ የሚያገኝበት መንገድ ሊኖር ይገባል፤ እስከ ዛሬ በጥንቃቄ የተለካውንም ነገር ማዛባት የለበትም። «5 ቴራ» የምትባለዋ ቁጥር በበኩሏ የትስስር ጥንካሬው (አዲሱ ቦዞን ሌሎቹን ቅንጣቶች ምን ያህል አጥብቆ እንደሚነካ) ስንት እንደሆነ ካልተነገረ ብቻዋን ምንም አትናገርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ መልሴም ወደዚያው ያደላል። (ከዚህ በኋላ «ጊጋ» እና «ቴራ» ስል ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት እና ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ማለቴ ነው። ኤል ኤች ሲ ደግሞ ሰርን የሚባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ትልቁ የፕሮቶን ማጋጫ ነው።)

የጌጅ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። የኤሌክትሮን መስክ ፌዝ አለው፤ ፌዙን በሁሉም ቦታ እኩል ብናዞረው ፊዚክሱ አይለወጥም። «አይ፣ በየቦታው በተለያየ መጠን ላዙረው» ካልን ግን ቀመሩ ውስጥ ያለው ዴሪቬቲቭ ትርፍ ነገር ይተፋል። ያንን ትርፍ የሚውጥ አንድ መስክ ማስገባት የግድ ይሆናል፤ እሱም ፎቶን ነው። ስታንዳርድ ሞዴል የቆመው በኤስዩ(3)፣ በኤስዩ(2) እና በዩ(1) ላይ ነው። ከመጀመሪያው 8 ግሉኦኖች ይወጣሉ፤ ከቀሩት ሁለቱ ቅልቅል ደግሞ ሁለቱ ደብልዩዎች፣ ዜድ እና ፎቶን። ሌላ ዩ(1) ሲታከልበት ኤሌክትሪክ ቻርጅ የሌለው አንድ አዲስ ቦዞን ይመጣል፤ ሙያተኛው «ዜድ ፕራይም» ይለዋል።

«ዩ(1) ጨመርኩ» ማለት ግን ሥራው ተጀመረ ማለት እንጂ አለቀ ማለት አይደለም። ለግራ ዞር ኳርኮች፣ ለቀኝ ዞር አፕ፣ ለቀኝ ዞር ዳውን፣ ለግራ ዞር ሌፕቶኖች (ኤሌክትሮንና ኒውትሪኖ) እና ለቀኝ ዞር ኤሌክትሮን አዲሱን ቻርጅ አንድ በአንድ መስጠት አለብዎት (ግራ ዞርና ቀኝ ዞር የአንድ ቅንጣት ሁለት መልኮች ናቸው)። በትውልድ አምስት ቁጥር፣ ትውልዱም ሦስት። ቁጥሮቹን እንደፈለጉ እንዳይመርጡ የሚከለክለው የመጀመሪያው ዕዳ ነው።

ይህ ዕዳ አኖማሊ ይባላል። በ1969 አድለር በአንድ በኩል፣ ቤልና ጃኪቭ በሌላ በኩል ያሳዩት ነገር ነው፤ በክላሲካሉ ቀመር ላይ ደህና የነበረ ሲሜትሪ ኳንተም ስሌቱ ውስጥ ሲገባ ሊፈርስ ይችላል። አፍራሹ ሦስት ጌጅ መስኮች ጫፍ ጫፉ ላይ የተያያዙበት የፌርሚዮኖች (እንደ ኳርክና ኤሌክትሮን ያሉ የቁስ ቅንጣቶች) ሦስት ማዕዘን ሉፕ ነው። ሲሜትሪው ጌጅ ካልሆነ መፍረሱ አይጎዳም፤ እንዲያውም ቻርጅ አልባው ፓዮን ወደ ሁለት ፎቶኖች በዚያ ፍጥነት የሚበተነው በዚሁ ምክንያት ነው። ጌጅ ሲሜትሪ ሲሆን ግን ሞዴሉን ይዞት ይወድቃል፤ ከሆነ ኢነርጂ በላይ የዕድሎች ድምር ከ1 መብለጥ ይጀምራል።

ሒሳቡ እርሳስና ወረቀት ብቻ ይፈልጋል። የግራ ዞሮቹን ቻርጅ ኩብ ደምሩ፣ የቀኝ ዞሮቹንም ደምሩ፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ሞዴሉ ወደቀ። በመጀመሪያ በተለመደው ሃይፐርቻርጅ ይሞክሩት። ግራ ዞር ኳርኮች ስድስት ናቸው (ሁለት ዓይነት በሦስት ቀለም)፣ ቻርጃቸው 1/6፤ የኩባቸው ድምር 1/36። ግራ ዞር ሌፕቶኖች ሁለት፣ ቻርጃቸው −1/2፤ ድምሩ −1/4። ተደምሮ −2/9። ወደ ቀኝ ዞሮቹ ስንሄድ ሦስቱ አፕ በ2/3፣ 8/9 ይሰጣሉ፤ ሦስቱ ዳውን በ−1/3፣ −1/9፤ ኤሌክትሮን በ−1፣ −1። ይህም ሲደመር −2/9። ገጠሙ! ኳርኮቹ ብቻቸውን ወይም ሌፕቶኖቹ ብቻቸውን ቢሆኑ አይገጥሙም ነበር። እዚህ ጋ ተማሪን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፦ አንዳንዱ መጽሐፍ ሃይፐርቻርጁን በእጥፍ ይጽፈዋል፣ ማለትም 1/6 የነበረው 1/3 ይሆናል። ከሁለት መጽሐፍ ግማሽ ግማሽ ቀድተው ከደመሩ ዜሮ መቼም አይመጣም።

መሟላት ያለበት ግን የኩቡ ድምር ብቻ አይደለም። የአዲሱ ቻርጅ ተራ ድምር (ይህ ከግራቪቲ ጋር ያለው ነው)፣ ከኤስዩ(2) ጋር፣ ከኤስዩ(3) ጋር፣ ከሃይፐርቻርጅ ካሬ ጋር፣ እንዲሁም የአዲሱ ካሬ ከሃይፐርቻርጅ ጋር ያሉትም አሉ። በጠቅላላው ስድስት ቀመር። የባሪዮን ቁጥርን ብቻ ጌጅ ላድርግ ቢሉ ከኤስዩ(2) ጋር ያለው ቀመር ላይ ይወድቃል፤ ግራ ዞር ኳርኮች በሦስት ቀለም በ1/3፣ ድምሩ 1። የሌፕቶን ቁጥርን ብቻ ቢሉም 1። እንግዲህ አንዱን ከሌላው ሲቀንሱ 1 ሲቀነስ 1፣ ዜሮ! «ባሪዮን ሲቀነስ ሌፕቶን» የሚባለው ዩ(1) ተወዳጅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚህ በኋላ «ቢ ሲቀነስ ኤል» እለዋለሁ።

ይኸው ሞዴል ኩቡ ላይ ሲደርስ አንድ ጉድለት ያሳያል። ኳርኮቹ በግራም በቀኝም ስድስት ስድስት፣ ሁሉም 1/3 ስለሆኑ ይጣፋሉ። ሌፕቶኖቹ ግን ግራ ዞር ሁለት፣ ቀኝ ዞር አንድ ብቻ፤ −2 በአንድ ወገን፣ −1 በሌላ ወገን። የጎደለችው አንዲት −1 ናት። ተራ ድምሩም ላይ የሚጎድለው እሷው ናት። ስለዚህ በየትውልዱ ቻርጁ −1 የሆነ፣ ሌላ ምንም ኃይል የማይነካው አንድ ቀኝ ዞር ፌርሚዮን ማስገባት ግድ ነው። ይህም ቀኝ ዞር ኒውትሪኖ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ኒውትሪኖዎች መጠነ ቁስ እንዳላቸው ከታወቀ ወዲህ ለብቻው ሲፈለግ የነበረ ቅንጣት፣ እዚህ በሒሳብ ግዴታ በራሱ እግር ይመጣል። እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው፤ ሰውየው ስለፈለገው የተጨመረ ሳይሆን ድምሩ ስለጎደለ የተጨመረ። (ለቅምሻ ያህል፦ ሦስቱን ቀኝ ዞር ኒውትሪኖዎች −1፣ −1፣ −1 ከማድረግ ይልቅ −4፣ −4፣ +5 ብታደርጓቸውም ተራ ድምሩ −3፣ የኩቡም ድምር −64 −64 +125 = −3 ይመጣል። ይገጥማል። የኒውትሪኖ መጠነ ቁስ ማውጣቱ ግን በዚህኛው መንገድ ይከብዳል።)

ሁለተኛው ዕዳ መጠነ ቁስ ነው። ዜድ ፕራይም እንደ ፎቶን መጠነ ቁስ አልባ ቢሆንና ትስስሩም ደህና ቢሆን ኖሮ፣ ቁሶች ሁሉ በኒውትሮኖቻቸው ብዛት ሲገፋፉ ከጥንት ጀምሮ እናይ ነበር። ስለዚህ ሲሜትሪው መሰበር አለበት፤ ለዚህም አዲስ ሂግስ መሰል መስክ ይጨመራል። በቢ ሲቀነስ ኤል ውስጥ የዚህ መስክ ቻርጅ አብዛኛውን ጊዜ 2 ይደረጋል፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ከሁለት ቀኝ ዞር ኒውትሪኖዎች ጋር ተጣምሮ ከባድ መጠነ ቁስ ይሰጣቸዋል፣ የግራዎቹም በዚያው ልክ ይቀላሉ። የዜድ ፕራይም መጠነ ቁስ 2 ሲባዛ በትስስሩ ሲባዛ በአዲሱ መስክ የቫክዩም ዋጋ ይሆናል። ይህችን ዝምድና ልብ ይበሉ፦ መጠነ ቁሱን ለትስስሩ ሲያካፍሉ የሚቀረው ሲሜትሪው የተሰበረበት ደረጃ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር ሦስተኛው ዕዳ ይያያዛል፤ የተለካውን አለማዛባት። ሌፕ የሚባለው የሰርን የኤሌክትሮን–ፖዚትሮን አፋጣኝ እስከ 2000 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፤ እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደዚያው ናቸው) ድረስ ወደ 209 ጊጋ ብቻ ነበር የደረሰው። ከባዱን ዜድ ፕራይም በአካል መፍጠር ባይችልም ጥላውን ማየት ይችል ነበር፤ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ተጋጭተው ሌፕቶን ሲወጣ ያለው ስርጭት በጥቂቱም ቢሆን ያጋድላል። አላጋደለም። ከዚህ የተነሳ ለቢ ሲቀነስ ኤል የመጠነ ቁሱና የትስስሩ ሬሾ ከ6 እስከ 7 ቴራ ገደማ በታች ሊሆን አይችልም። 7 ን ብንወስድ፣ 4 ቴራ የሚመዝን ዜድ ፕራይም ትስስሩ ከ0.57 መብለጥ የለበትም ማለት ነው።

ሌላው የሚረሳው ነገር የኪነቲክ ቅልቅል ነው። ሁለት ዩ(1) አንድ ላይ ሲኖሩ መስኮቻቸው በቀጥታ ሊቀላቀሉ ይችላሉ፤ ሆልደም በ1986 ያነሳው ነው። «ዜሮ አድርጌዋለሁ» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ሁለቱንም ቻርጅ የተሸከሙ ቅንጣቶች በሉፕ ውስጥ መልሰው ይፈጥሩታል። በአንድ ኢነርጂ ዜሮ ያደረጉት በሌላው ዜሮ አይሆንም። ይህ ቅልቅል የዜድን ባሕርይ ይነካል፤ ዜድን ደግሞ ሌፕ በሚሊዮን እየቆጠረ ስለለካው ከሺህ አንድ ገደማ ያለፈ ቅልቅል አይፈቀድም።

አሁን ወደ ፍለጋው። ከሁሉም ንጹሑ መንገድ ሁለት ኤሌክትሮን ወይም ሁለት ሙዮን (የኤሌክትሮን ከባድ ወንድም) መፈለግ ነው። ከአንዱ ፕሮቶን ኳርክ፣ ከሌላው አንቲኳርክ ተገናኝተው ዜድ ፕራይም ይፈጥራሉ፤ እሱም ወዲያው ወደ ጥንድ ሌፕቶን ይበተናል። በቢ ሲቀነስ ኤል ይህ ጥንድ ብዙ ነው። ለእያንዳንዱ ፌርሚዮን የሚደርሰው ድርሻ በቻርጁ ካሬ በቀለሙ ብዛት ስለሚሰፈር በትውልድ ኳርኮቹ 2/3፣ ኤሌክትሮን መሰሉ 1፣ ኒውትሪኖው (ቀኝ ዞሩም ቀላል ከሆነ) 1 ይወስዳሉ፤ በሦስት ትውልድ ድምሩ 8። እንግዲህ ወደ ሁለት ኤሌክትሮን የሚሄደው ከ8 አንድ፣ ማለትም 12.5 በመቶ ነው። ተራው ዜድ 3.4 በመቶ ብቻ ነው የሚሰጠው። ዜድ ፕራይም በመጠነ ቁስ ሂስቶግራም ላይ የሚያሳየው ጉብታ ስፋት ለመጠነ ቁሱ ሲካፈል 8 ሲባዛ በትስስሩ ካሬ፣ ለ12 ፓይ ሲካፈል ይሆናል፤ ትስስሩ 0.2 ሲሆን 0.85 በመቶ። 4 ቴራ ላይ 34 ጊጋ መሆኑ ነው።

የጥንዱን መጠነ ቁስ ማስላት ቀላል ነው፦ 2 ሲባዛ በአንደኛው ተሻጋሪ ሞመንተም (ጨረሩን አቋርጦ የሚሄደው) ሲባዛ በሁለተኛው፣ ከዚያ በቅንፍ የኢታ (ከጨረሩ አንጻር ያለው ዘንበል መለኪያ) ልዩነታቸው ሃይፐርቦሊክ ኮሳይን ሲቀነስ የፋይ (በጨረሩ ዙሪያ ያለው ማዕዘን) ልዩነታቸው ኮሳይን፤ ካሬ ሥሩን መውሰድ። ሁለቱም 45 ጊጋ፣ የኢታ ልዩነት 0.2፣ የፋይ ልዩነት 3.0 ሬዲያን ቢሆኑ በቅንፉ ውስጥ 1.02 ሲደመር 0.99፣ ውጤቱም 90.2 ጊጋ። ዜድ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያሉትን ሁሉ በሂስቶግራም ላይ ሲደረድሩ ከዜድ ጫፍ በኋላ ቁልቁል የሚወርድ ለስላሳ መስመር ይቀራል። ፍለጋው በዚያ ቁልቁለት ላይ ጉብታ መፈለግ ነው።

ቁልቁለቱን ማን ይነግረናል? ሁለቱ ትልልቅ የኤል ኤች ሲ ቡድኖች በሙሉ ዳታቸው የተለያየ መንገድ ነው የያዙት። አትላስ ከ225 ጊጋ ጀምሮ ለስላሳ ቀመር በራሱ በዳታው ላይ ይገጥማል። ሲኤምኤስ ደግሞ የሲሙሌሽኑን ቅርጽ ወስዶ መጠኑን በዜድ ጫፍ ላይ ያስተካክላል። የመጀመሪያው በሲሙሌሽን ስህተት አይጎዳም፤ ሰፊ ጉብታ ሲመጣ ግን ቀመሩ ራሱ ተለጥጦ ሊውጠው ይችላል። ሁለተኛው ሰፊውንም ያያል፤ ነገር ግን በፕሮቶን ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ የያዙ አንቲኳርኮች በትክክል ስለማይታወቁ ጫፉ ላይ ይዋዥቃል። ሁለቱ ቡድኖች ተቀራራቢ ውጤት ማምጣታቸው ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

በ2015–2018 በ13 ቴራ የተሰበሰበው ዳታ ለእያንዳንዱ ቡድን 140 ኢንቨርስ ፌምቶባርን (የግጭት ብዛት መለኪያ) ገደማ ነው። ውጤቱ ምንም ጉብታ የለም። አትላስ በ2019፣ ሲኤምኤስ በ2021 ያወጡት ገደብ 5.1 ቴራ አካባቢ ነው። አሁን ልብ ይበሉ፤ ይህ ቁጥር የሚመለከተው ትስስሮቹን በሙሉ ከተራው ዜድ የኮረጀ ከባድ ዜድን ነው። እንዲህ ያለውን ሞዴል በእውነት የሚያምንበት ሰው የለም፤ መለኪያ ዘንግ ሆኖ እንዲያገለግል የተቀመጠ ነው። ኢ6 ከሚባለው ትልቅ ሲሜትሪ የሚወጣውና ትስስሩ ደከም ያለው «ፕሳይ» የተባለው ዜድ ፕራይም በዚያው ዳታ 4.5 ቴራ ላይ ነው የሚቆመው። ዳታው ያው፣ ዲቴክተሩም ያው፤ የተለወጠው ትስስሩ ብቻ።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን በትንሽ ስሌት እናሳይ። ከባዱ ጫፍ ላይ ዳራው (ከታወቁ ሂደቶች የሚመጣው ክስተት) ዜሮ ነው፣ የታየውም ዜሮ ክስተት ነው እንበል። በ95 በመቶ እርግጠኝነት ልንጥለው የምንችለው ሞዴል 3 ክስተት ወይም ከዚያ በላይ ይጠበቅበት የነበረውን ነው (የ0.05 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም −3.0 ስለሆነ)። ከሚፈጠሩት ጥንዶች 70 በመቶውን እንይዛለን ብንል 3 ለ(139 ሲባዛ 0.7) ሲካፈል 0.03 ፌምቶባርን ይሆናል። ዲቴክተሩ የሚናገረው ይህንን ብቻ ነው። ከዚህች ቁጥር ወደ «ስንት ቴራ» የሚሸጋገሩት ሞዴል በመካከል ሲገባ ነው። የመፈጠሩ ዕድል በትስስሩ ካሬ ስለሚሄድ ትስስሩን ከ0.5 ወደ 0.05 ብናወርደው 40 ክስተት ይጠበቅበት የነበረው ሞዴል 0.4 ይሆናል። ሬሳው ተነሥቶ ሄደ። ስለዚህ ትክክለኛው ገደብ ነጥብ ሳይሆን መስመር ነው፤ በአንዱ ዘንግ መጠነ ቁስ፣ በሌላው ትስስር። ጽሑፍ ሲያነቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት ይህንን ሥዕል ይሁን።

ዳታ ቢበዛስ? ትንሽ ነው የሚገፋው። 13 ቴራ የፕሮቶኖቹ እንጂ የኳርኮቹ አይደለም፤ 5 ቴራ ለመፍጠር ሁለቱም ወገኖች ከፕሮቶናቸው 38 በመቶ ገደማ ይዘው መምጣት አለባቸው። እንዲህ ያለ አንቲኳርክ ብርቅ ነው፤ ከዚያ በላይም በፍጥነት ይመናመናል። 3000 ኢንቨርስ ፌምቶባርን ይሰበስባል የተባለው የተሻሻለው ኤል ኤች ሲ፣ ዳታው ከ20 እጥፍ በላይ ሆኖ ሳለ መለኪያ ዘንጉን ወደ 6.5 ቴራ ገደማ ብቻ ነው የሚያደርሰው። የብዙ ዳታ ትርፉ በመጠነ ቁስ ወደ ላይ ሳይሆን በትስስር ወደ ታች መውረዱ ላይ ነው፤ ይህ በዜና ላይ ብዙ አይነገርም።

ምን ይበላሻል? ከሙዮን እንጀምር። ሞመንተሙ የሚለካው በማግኔት ውስጥ በሚያሳየው ጥምዘት ነው። በአትላስ የሙዮን ክፍል 1 ቴራ የያዘ ሙዮን ከቀጥታ መስመር የሚዘነብለው ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ይህንን በ10 በመቶ ለመለካት 50 ማይክሮሜትር ማየት ያስፈልጋል። የፀጉር ውፍረት ያህል ማለት ነው፣ ያውም ከ20 ሜትር በላይ ቁመት ባለው መሣሪያ ላይ። ክፍሎቹ በሙቀት ወይም በማግኔቱ ጉልበት ፈቀቅ ካሉ የሁሉም ሙዮን ልኬት አብሮ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ አቀማመጣቸውን የሚከታተል የብርሃን ሥርዓት አለ። ሌላው ክፉ ነገር ስህተቱ በጥምዘቱ ላይ እንጂ በሞመንተሙ ላይ አለመሆኑ ነው። ጥምዘቱ በትንሹ ቢያንስ ሞመንተሙ በብዙ ይጨምራል፣ እና አንድ ተራ ሙዮን 3 ቴራ መስሎ ጫፉ ላይ ቁጭ ይላል። ብቻውን ሩቅ የተቀመጠ የሁለት ሙዮን ክስተት ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት የልኬት ነጥብ አለው?» ነው።

ኤሌክትሮን በዚህ በኩል ይሻላል፤ ኢነርጂው በካሎሪሜትር ስለሚለካ ከፍ ሲል ጥራቱ ይጨምራል፣ የጥንዱ ልኬት 1 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። የራሱ ወጥመድ ግን አለው። ካሊብሬሽኑ የሚሠራው በዜድ ኤሌክትሮኖች ነው፤ እነሱ በአብዛኛው 45 ጊጋ አካባቢ ናቸው። የቴራ ኤሌክትሮን ሲመጣ የንባቡ ኤሌክትሮኒክስ ወደ ዝቅተኛ ማጉያ ይዞራል። በአንዱ ማጉያ ያስተካከሉትን በሌላው ላይ ማመን ለብቻው መረጋገጥ ያለበት ነገር ነው። ከዚህ ሌላ ኤሌክትሮን የሚመስሉ ጄቶች አሉ፤ ዳራው ውስጥ ካልተቆጠሩ ቁልቁለቱን ያነሡታል።

ወደ ሐሰተኛ ማንቂያዎች ስንመጣ እያንዳንዱ የሞተበት ምክንያት የተለያየ መሆኑ ነው የሚያስተምረው። በታኅሣሥ 2015 አትላስና ሲኤምኤስ በሁለት ፎቶን 750 ጊጋ ላይ ጉብታ አሳዩ። አትላስ ላይ በዚያ ቦታ ብቻ ሲታይ 3.9 ሲግማ (ከአጋጣሚ የመራቅ መለኪያ) ነበር፤ «ጉብታው በየትኛውም ቦታ ሊወጣ ይችል ነበር» ተብሎ ሲታረም ግን ወደ 2 ገደማ ወረደ። በመቶ የሚቆጠሩ ጽሑፎች ተጻፉበት። በነሐሴ 2016 ተጨማሪ ዳታ መጣ፣ ጉብታው የለም። ስታቲስቲክስ ብቻ ነበር። ለግኝት 5 ሲግማ፣ ማለትም ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ዕድል፣ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ሌላው የኤል ኤች ሲ ቡድን ኤልኤችሲቢ በ2021 ቢ ሜሶን ወደ ሙዮንና ወደ ኤሌክትሮን እኩል አይበተንም የሚል የ3.1 ሲግማ ምልክት አሳየ፤ ዜድ ፕራይም ወዳዶች ዘንድ ሠርግ ሆነ። በታኅሣሥ 2022 ቡድኑ ራሱ ሲመረምረው ኤሌክትሮን የመሰሉ ሃድሮኖች በበቂ አልተቆጠሩም ነበር፤ ሲታረም ከስታንዳርድ ሞዴል ጋር ተስማማ። ይህ ስታቲስቲክስ ሳይሆን ዳራ ነው፤ ዳታ ቢጨመርበት አይጠፋም ነበር፣ እንዲያውም ይብስ ነበር።

የሙዮኑ ማግኔታዊ ሞመንት ደግሞ ሌላ ነው። ፌርሚላብ በተባለው የአሜሪካ ላቦራቶሪ በ2021 ከስሌቱ በ4.2 ሲግማ ራቀ ተባለ። በ2025 የመጨረሻው ልኬት በ127 ቢሊዮንኛ ክፍል ጥራት ወጣ፣ ልኬቱም አልተንቀሳቀሰም። የተንቀሳቀሰው ስሌቱ ነው፤ የሃድሮኖቹ ክፍል በላቲስ (ቦታና ጊዜን ከፋፍሎ በኮምፒውተር በሚሠራ ስሌት) ሲሰላ ልዩነቱ ጠፋ። የቆዩት የኤሌክትሮን–ፖዚትሮን ልኬቶች ለምን እርስ በርስ እንደማይስማሙ ግን ገና አልተፈታም። ሲዲኤፍ የተባለው የፌርሚላብ ቡድን በ2022 ያወጣው የደብልዩ መጠነ ቁስ 80,433.5 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ሲሆን፣ ሲኤምኤስ በ2024 ያወጣው 80,360.2 ነው፤ ሁለቱም ስህተታቸውን ከ10 በታች ይሉታል። የኋለኛው ከስታንዳርድ ሞዴል ጋር ይስማማል፣ የመጀመሪያው አይስማማም፣ ምክንያቱም አልተገኘም። በእኔ አስተያየት እንዲህ ባለው ላይ ሞዴል ለመገንባት መቸኮል አያዋጣም።

ታዲያ አበቃለት ወይ ላሉት፦ ትስስሩ ጠንካራ የሆነና እስከ 4፣ 5 ቴራ ድረስ ያለው አዎ፣ አብቅቷል። የቀረው ቦታ ሦስት ነው። አንዱ ከኤል ኤች ሲ አቅም በላይ የከበደው ነው፤ ለእሱ ትልቅ አፋጣኝ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ኳርክንና ኤሌክትሮንን የማይነካው ነው፤ የሙዮን ቁጥር ሲቀነስ የታው ቁጥር የሚባለው ዩ(1) ያለ አንዳች አዲስ ቅንጣት አኖማሊው ይጣፋል፣ ፕሮቶን ግን አይፈጥረውም። እሱን የሚፈልጉት ወደ አራት ሙዮኖች በሚበተን ዜድ ውስጥ ነው። ሦስተኛው ቀላልና እጅግ ደካማ የሆነው ነው። ፌዘር የተባለች ትንሽ መሣሪያ ከአትላስ ግጭት ቦታ 480 ሜትር ርቃ፣ ድንጋይና ኮንክሪት ከልሏት ትጠብቃለች፤ ቅንጣቱ ደካማ ስለሆነ ያንን ሁሉ አልፎ መጥቶ እዚያ ይበተናል በሚል። በ2023 የመጀመሪያ ውጤቷን አወጣች፣ አንድም ክስተት አልታየም፤ በአሥር ሚሊዮኖች ኤሌክትሮን ቮልት የሚመዝን የቢ ሲቀነስ ኤል ቦዞንን በከፊል ጠራርጋ ዘጋች። ትስስሩ ከመቶ ሺህ አንድ አካባቢ የሆነ ማለት ነው። የ5 ቴራው ገደብ ይህን አካባቢ ከቶ አይነካውም።

በእጅዎ መሞከር ከፈለጉ የሰርን ክፍት ዳታ ለማንም በነጻ ነው። ሲኤምኤስ በ2012 ከሰበሰበው የተቀነሰ የሁለት ሙዮን ፋይል አለ፤ 61 ሚሊዮን ገደማ ክስተት፣ ወደ 2 ጊጋባይት። ሩት በሚባለው የሰርን ፕሮግራም ይከፈታል፤ ኢንተርኔቱ ካልቻለ አፕሩት የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ፋይሉን ሙሉ ሳያወርድ ከፊሉን ያነባል፣ አንድ ሚሊዮን ክስተትም ይበቃል። በትክክል ሁለት ሙዮን ያላቸውን ይምረጡ፣ ቻርጃቸው ተቃራኒ የሆኑትን ይለዩ፣ ከላይ ባለው ቀመር መጠነ ቁሱን ያስሉ፣ ሁለቱንም ዘንግ በሎጋሪዝም ያድርጉ። 1.02 ጊጋ ላይ ፋይ የሚባለው ቅንጣት፣ 3.1 ላይ ጄ ፕሳይ፣ 9.46 ላይ ኡፕሲሎን፣ 91.2 ላይ ዜድ ይወጣሉ። በመካከል ሰፋ ያለ ትከሻ ያያሉ፤ አዲስ ቅንጣት እንዳይመስልዎ። ትሪገሩ (የሚቀመጡትን ክስተቶች በቅጽበት የሚመርጠው ሥርዓት) ከተወሰነ ሞመንተም በታች ያሉትን ስለሚጥል የሚፈጠር ነው። ለማረጋገጥ ቻርጃቸው አንድ ዓይነት የሆኑትን ጥንዶች ከጎኑ ይሳሉ፤ ጫፎቹ ይጠፋሉ፣ የትሪገሩ ዳና ግን እዚያም ይታያል።

ከዚያ ከ120 ጊጋ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ ለስላሳ ቀመር ይግጠሙ፣ 200 ጊጋ ላይ ስፋቱ 2 በመቶ የሆነ የሐሰት ጉብታ 50 ክስተት ይጨምሩበት፣ እንደገና ይግጠሙ። መጀመሪያ በሁለት ነጻ ቁጥር፣ ቀጥሎ በአራት፣ ቀጥሎ በስምንት። በስምንቱ ላይ ካስገቧቸው 50 ክስተቶች ስንቱ እንደተመለሰልዎ ይቁጠሩ፤ የቀሩትን ቀመሩ ውጧቸዋል።